በቀትር የቀባኋት ልጅ

መጀመሪያ ያየሁት ከጆሮዋ ጀርባ ነው፤ ጠዋት ገላዋን ሳጥባት። የሳንቲም ያህል ክብ፣ ዳሩ ቀላ ብሎ ትንሽ ከፍ ያለ፣ መሃሉ ደረቅ ነገር። ቢንቢ ነክሷት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን አንገቷ ላይ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። በሳምንቱ ብብቷ ስር፣ ወገቧ ላይ፣ ጭኗ ላይ ወረደ። ማከክም ጀመረች።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። የእኔ ልጅ አይደለችም፤ የአሠሪዬ ልጅ ናት። ከኮምቦልቻ መጥቼ ጅቡቲ ከተማ አምቡሊ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅ ግቢ ተቀጥሬ ስገባ ገና በእናቷ ሆድ ነበረች። እናቷ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ወልዳ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ልጅቷን የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ጡጦዋን የያዝኩላት፣ ጥርስ ስታወጣ አብሬያት ያለቀስኩት፣ ድክ ድክ ስትል ከኋላ ከኋላዋ የሄድኩት እኔ ነኝ። አፏን የፈታችው በሁለት ቋንቋ ነው። እናቷን በሶማልኛ «ሆዮ» ትላታለች፤ ሲጠማት ግን ወደ እኔ ዞራ «ውሃ» ትላለች፣ በጥሩ አማርኛ። እኔም ስሟን ጠርቼ አላውቅም። ሚጣዬ ነበር የምላት።

አባቷ አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ ከአገር ውጭ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እናቷ፣ የአባቷ እናት፣ ልጅቷና እኔ ነን። እናቷን ማዳም ነው የምላት፤ እዚህ ሁላችንም አሠሪዎቻችንን እንዲያ ነው የምንጠራው።

ሐምሌ ነበር። ጅቡቲ በሐምሌ ነፋሱ ራሱ ያቃጥላል። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ ቀትር ላይ እጅ አያስነካም። ስለዚህ ሽፍታው ሲበዛ ማንም አልደነገጠም።

«ሙቀት ነው» አለች ማዳም፤ የሕፃናት ፓውደር ገዝታ መጣች። ፓውደሩ በላቧ እየተቦካ እጥፋቷ ውስጥ እንደ ሊጥ ደረቀ። ቀጥሎ ሐኪም ጋ ወሰደቻት። ሐኪሙ ቆመን ሳለ አየት አድርጎ ሙቀትና አለርጂ ነው አለ፤ ሽሮፕና ነጭ ፈሳሽ ቅባት አዘዘ። ሁለት ሳምንት ሰጠናት። ሽፍታው እንደ ስሙ ሆነ፤ አንዱ ጋ ያዝነው ስንል በሌላው በኩል ይወጣል።

ማከኳ ነው ያስጨነቀኝ። ጥፍሯን ከሥሩ ቆረጥኩት። እጇ ላይ ካልሲ አደረግሁላት፤ በጥርሷ ታወልቀዋለች። እንቅልፍ የሚወስዳት ሁለቱንም እጇን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው እጄ ጀርባዋን በቀስታ ሳሻሽላት ብቻ ነው። ራሷን ክንዴ መታጠፊያ ላይ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና «እዚህ፣ እዚህ» እያለች ታሳየኛለች።

አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብ አያቷ ሳህኑን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«ይኼ በሽታ በዚህ ቤት የበቀለ አይደለም» አሉ። «በእግሩ የገባ ነው።» ከዚያ እግሬን አዩ።

በማግስቱ ማዳም ወጥ ቤት መጥታ በሩን ገፋ አድርጋ ቆመች።

«ዓርብ ዓርብ የት ነው የምትሄጂው?»

«ጓደኛዬ ጋ ነው፣ ማዳም። ካርቲዬ ስድስት ሰፈር።»

«ስንት ሆነው ነው የሚኖሩት?»

«አምስት ሴቶች ናቸው።»

«አንድ ክፍል ውስጥ?»

«አዎ።»

«የታመመች አለች?»

«የለችም።»

አላመነችኝም። አልፈርድባትም፤ ልጇ በየቀኑ ቆዳዋ እየተገፈፈ ነው፣ ሐኪሙ የሚነግራት የለውም፣ እኔ ደግሞ እዚያው ዓይኗ ሥር ነኝ። ከሰዓት በኋላ ፍራሼ ከክፍሌ ወጥቶ ግቢው ጥግ ተቃጠለ። ስፖንጅ ሲቃጠል የሚያወጣው ጥቁር ጭስ የጎረቤቱን ሰው ሁሉ ወደ በሩ አወጣው። ልብሴን ጀርም በሚገድል ነገር ዘፍዝፌ እንዳጥብ ታዘዝኩ። በሁለተኛው ቀን ማዳም ላቦራቶሪ ወስዳ ደሜን አስመረመረች። የምን ምርመራ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ሁለታችንም አውቀነዋል። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ንጹሕ መሆኔን ያወቅሁት ከቤተሰቡ ብርጭቆ መጠጣት ሳልከለከል ስቀር ነው።

ጓንት ግን አልቀረልኝም። «ያለ ጓንት እንዳትነኪያት» ተብያለሁ። ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆን ቢጫ ጓንት ነበር። ሚጣዬ ጠላችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ልታወልቀው ትታገላለች፤ ሲያቅታት ታለቅሳለች።

አሁን የምናገረውን ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። ፍራሼ በተቃጠለ ማግስት ልብስ ሳጥብ እጅጌዬን ስሰበስብ፣ ልጅቷ ራሷን የምታሳርፍበት ክንዴ መታጠፊያ ላይ አንድ ክብ አየሁ። ዳሩ ቀይ፣ መሃሉ ደረቅ። ከእሷ ተላለፈብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ግን ሰኔ ላይ፣ ከልጅቷ ጆሮ ጀርባ ያንን ነገር ከማየቴ በፊት፣ እዚያው ቦታ ላይ ሲበላኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። በላኝ፣ አከክሁት፣ ረሳሁት። ገልጬ አላየሁትም። ያኔ ክብ ነበረው? አልነበረውም? እስከ ዛሬ አላውቅም። የዚያን ቀን እጅጌዬን መልሼ አወረድኩና በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ መልበስ ጀመርኩ።

ዓርብ ሲደርስ ክንዴን ለጓደኛዬ አሳየኋት። ከአንድ ሰፈር ነው የመጣነው፤ እሷ ባልባላ ገበያ ውስጥ ልብስ ትነግዳለች።

«ለዚህ ነው እንዴ የምታለቅሺው?» ብላ ከትራሷ ሥር አንድ ቱቦ አወጣች። ፊቷን የምታቀላበት ቅባት ነው። ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንዳችንም ማንበብ አንችልም። «ይኼ የማያጠፋው ነገር የለም። ማዲያቴን አላየሽም? ድራሹን ነው ያጠፋው።»

ክንዴን ቀባሁ። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ፤ በአምስተኛው ቀን ክቡ ጠፋ። ቆዳዬን በፀሐይ አገላብጬ አየሁት፤ ምንም የለም። ተገረምኩ። ከዚያ ያቺን ልጅ አሰብኳት።

አምቡሊ ውስጥ ቀትር ከሌላው ሰዓት ሁሉ ጸጥ ያለ ነው። ማዳም ከቢሮ ትመጣለች፣ ምሳ ትበላለች፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በሯን ዘግታ ትተኛለች። አያቷም እንዲሁ። ከማቀዝቀዣው ድምፅና አልፎ አልፎ ከሚያርፍ አውሮፕላን በቀር የሚሰማ የለም። ልጅቷን ክፍሌ አስገብቼ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኳት፤ ጓንቱን አወለቅሁ፤ ቀባኋት። ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሬ እስከ ጭኗ። ቅባቱ ስለቀዘቀዛት ሳቀች። «ዝም በይ፣ ሚጣዬ» አልኳት፤ ዝም አለች። የዚያን ዕለት ካልሲ አላስፈለጋትም።

በአራት ቀን ቆዳዋ ጠራ። ማዳም ልብሷን አውልቃ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለባሏ ላከችለት። «ሽሮፑ ነው» አለች፣ «ዘግይቶ ሠራ እንጂ ሠርቷል።» ወደ እኔም ዞራ፣ በስንት ሳምንቷ ፈገግ ብላ፣ «ያንን ጓንት ጣይው» አለችኝ። አያቷም የዚያን ዕለት ምሳቸውን ከእጄ ተቀበሉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ምን ብዬ? ፊት በሚያቀላ ቅባት ልጅሽን ደብቄ ቀባኋት? ፍራሼን ያቃጠለች ሴት ይህን ብትሰማ ምን እንደምታደርግ አሰብኩ። ደግሞም ልጅቷ ድናለች። የዳነ ነገር ለምን ይነካል አልኩ።

አልዳነችም። ሁለት ቀን ካልቀባኋት ክቦቹ ከበፊቱ ቀልተው ይመለሳሉ። ጓደኛዬን ስጠይቃት «አታቋርጪዋ» አለችኝ። ሌላ ቱቦ ሰጠችኝ፤ ቀጥሎ ሦስተኛ። እንዲህ እየሆነ ስድስት ሳምንት አለፈ። በቀን አንዴ የነበረው ሁለቴ ሆነ። ቆዳዋ ሳሳ፤ እንደ ሽንኩርት ልባስ ሆነና ከሥሩ ያሉት ደም ሥሮች ሰማያዊ ሆነው ታዩኝ። ጉንጯ ሞላ፤ እንግዳ ሁሉ «ወፈረች» ይላል። እኔ ግን ሳቅፋት ክብደቷ ልክ እንዳልሆነ፣ እግሯም ቶሎ እንደሚዝል ይሰማኝ ነበር።

መስከረም ላይ ፈነዳ። አሁን ክብ የሚባል ነገር የለም፤ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ አንድ ላይ ቀላ፤ እጥፋቷ ውስጥ መግል ያዘ፤ ትኩሳት ተከተለ። ሸሚዟ ቆዳዋ ላይ ይጣበቅና ሲወልቅ ይዞት ይነሳል። ቅባቱን ጨመርኩ፤ አልሠራም። የዚያኑ ቀን ተውኩት። ቱቦውን በሻሽ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ታች ደበቅሁት።

ማዳም ከውጭ የመጣ የቆዳ ሐኪም አለ ተብላ ወደ እሱ ወሰደቻት። ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የሚናገረው። ልጅቷን አገላብጦ አየ፣ በመብራት አየ፣ በአጉሊ መነጽር አየ። የእኔ ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው፤ «ክሬም» የሚለውን ግን ማንም ይለየዋል። ምን ስትቀባ እንደነበር ነው የሚጠይቀው። ማዳም ፓውደሩን፣ ሽሮፑን፣ ነጩን ፈሳሽ ቆጠረችለት። ሌላስ? አለ። «ምንም» አለች ማዳም፣ እርግጠኛ ሆና። እኔ ከበሩ አጠገብ የልጅቷን ቦርሳ ይዤ ቆሜያለሁ። ዝም አልኩ።

ሐኪሙ ግራ ገባው። የደም ምርመራ አዘዘ፤ አሁንም ሌላ የደም ምርመራ አዘዘ። እያንዳንዷ መርፌ ሲገባ የሚይዛት እኔ ነኝ። በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደም ወሰዱባት። ማዳም ለባሏ በስልክ ስታወራ አንዲት ቃል ሰማሁ፤ በሶማልኛም በአማርኛም ያው ናት፤ ካንሰር። «የደም ሊሆን ይችላል አለኝ» አለችው።

በዚያ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ገባችና መሬት ላይ፣ እኔ ሩዝ የምለቅምበት አጠገብ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን መሬት ተቀምጠን አናውቅም። ፀጉሯ አልተሸፈነም።

«ልጄ ትሞታለች?» አለችኝ።

«አትሞትም፣ ማዳም።»

«በምን አወቅሽ?»

ሩዙን አየሁ። ጠጠር አንስቼ ጣልኩ። ከአፌ ሊወጣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«አላህ ያውቃል» አልኩ።

እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አብሬያት አለቀስኩ። ካደረግሁት ሁሉ ከዚያ እንባ የበለጠ የማፍርበት የለም።

በቀጠሮው ቀን ስንሄድ ሌላ የደም መርፌ ነው ብዬ ነበር። ነርሷ ግን ልጅቷን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ዳሌዋ ላይ ያለውን ቆዳ አጠበች፣ ማደንዘዣ ወጋች። ሐኪሙ ጫፉ ክብ የሆነ ትንሽ መቁረጫ አነሳ። ከቆዳዋ ቆርጠው ለምርመራ ወደ ውጭ ሊልኩ ነው። ማዳም ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አንቺ ያዣት» አለችኝ። «ከአንቺ ጋር ብቻ ነው የማትንቀሳቀሰው።»

ያዝኳት። ሁለቱን እጇን በአንድ እጄ፣ ራሷን ደረቴ ላይ። እውነትም አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኖቿን እኔ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ጠበቀች። መቁረጫው ሲዞር አየሁ። አንድ ጥፍር የማታክል ቆዳ በጠርሙስ ውስጥ ገባች፤ ቀዳዳው በሁለት ስፌት ተሰፋ። ያኔ ነው የጮኸችው። እናቷን አልጠራችም። እኔን ነው የጠራችው።

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል አለ፤ እስከዚያ ጠንካራ መድኃኒት ሊጀምርላት ነው። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ ብዙም ተስፋ ሳያደርግ፣ ያንኑ ጠየቀ። ክሬም።

«ማዳም» አልኩ በሶማልኛ። «እኔ ቀብቻታለሁ።»

አልገባትም። «ምን?»

«ስድስት ሳምንት። ቀን ቀን፣ እናንተ ስትተኙ። ጓደኛዬ የሰጠችኝ ቅባት ነው። ፊት የሚያቀላ።» ያን ዕለት ጠዋት፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ቱቦውን ከሻንጣዬ አውጥቼ ጡቴ መካከል ሸጉጬው ነበር። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሐኪሙ ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ ያያል። ምን እንዳልኩ የሚነግረው ከእሷ በቀር የለም። ማዳም የገዛ ሠራተኛዋን ቃል ለሐኪሙ በፈረንሳይኛ መተርጎም ነበረባት። ተረጎመችው። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም፤ ምንም አላስቀረችም። ሐኪሙ ቱቦውን አንስቶ አነበበ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ከዚያ ረጅም ንግግር ተናገረ፤ እሷ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ወደ እኔ መለሰችው፣ ፊቴን ሳታይ።

«መጀመሪያ ላይ ተራ ጭርት ነበር ይላል። ከሰውም ከድመትም ይተላለፋል። በትክክለኛው መድኃኒት በአንድ ወር ይድን ነበር። ይኼ ቅባት መልኩን ለውጦበት ነው ያላወቀው። ጭርቱን እየቀለበው ነው የከረመው። ቅባቱ ሰውነቷም ውስጥ ገብቷል ይላል። ድንገት መቋረጡም አደገኛ ነው ይላል።» ከዚያም፣ «በቤት ውስጥ ሌላ ሰው ነበረበት ወይ ይላል» አለች።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የሚታይ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ነገርኳት፤ ክቡንም፣ የሰኔውንም ማሳከክ።

«የቱ ቀደመ?» አለችኝ። ይህን የጠየቀው ሐኪሙ አልነበረም፤ እሷ ናት።

«አላውቅም፣ ማዳም።»

ስንመለስ መኪናውን እሷ ነዳች። ልጅቷ ጭኔ ላይ ተኝታለች፤ ሌላ የምትተኛበት ቦታ አልነበረም። ግቢው በር ላይ ሞተሩን አጠፋች፤ ግን አልወረደችም።

«ያቃጠልኩብሽን ፍራሽ ነበር የማስበው» አለች ወደ ፊት እያየች። «የዳነች ሲመስለኝ ይቅርታ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። አፈርኩና ተውኩት።»

«ማዳም…»

«የደበቅሽው እኔን ፈርተሽ ነው። ይኼ ይገባኛል። ግን ዛሬ ሲቆርጧት አንቺ ነበርሽ የያዝሻት። ታውቂ ነበር፣ ይዘሻት ነበር።» ቁልፉን ነቀለች። «ለአያቷ ስጫትና ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ስሰጣቸው አልነቃችም። አያቷ ልጅቷን ተቀብለው በሩን በእግራቸው ገፉት። ዕቃዬ አንዲት ሻንጣ ነበረች፤ ለመሰብሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ማዳም ፓስፖርቴን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። ወደ ካርቲዬ ስድስት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው እጄ ላይ የልጅቷ መግል መድረቁን ያየሁት።

ጓደኛዬ ጋ ገባሁ። የሆነውን ስነግራት ፊቷን በመስታወት እያየች ነበር። «እኔ ለክንድሽ ነው የሰጠሁሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቅባቱንም አልተወችም።

በአራተኛው ሳምንት ስልኬ ጠራ። ማዳም ናት። ሰላምታ የለም።

«ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው አለ። በቀን ስንት ጊዜ ነበር? ምን ያህል ታደርጊ ነበር? ፊቷንስ ቀብተሻታል?»

የማስታውሰውን ሁሉ፣ ቱቦዎቹንም ሳይቀር ነገርኳት። ስትጽፍ ይሰማኛል።

«ማዳም፣ እንዴት ናት?» አልኩ።

«መግሉ ደርቋል። ትኩሳት የላትም። መድኃኒቱ ገና ወራት ይወስዳል።» ከዚያ፣ እንደማትፈልግ ሆና፣ «እንቅልፍ እምቢ ብላናለች። እንዴት ነበር የምታስተኛት?» አለችኝ።

እጆቿን እንዴት እንደምይዝ፣ ጀርባዋን የትኛው ጋ እንደማሻሽ፣ «እዚህ፣ እዚህ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ነገርኳት። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ስልኩንም ወዲያው አልዘጋችም። ጥቂት ትንፋሿን ሰማሁ፣ ከዚያ ተዘጋ። ዳግመኛ አልደወለችም። ከወራት በኋላ እንደዳነች፣ ዳሌዋ ላይ ጠባሳ እንደቀረ፣ ከዚያ ቤተሰብ ጎረቤት የምትሠራ ሌላ አበሻ ነግራኛለች።

ሥራ ፍለጋ ደላላ ጋ ስሄድ ሴትዮዋ ደብተሯን ገልጣ «ልጅ ማሳደግ ትችያለሽ አይደል?» አለችኝ።

«ልጅ የሌለበት ቤት ፈልጊልኝ» አልኳት።

ሳቀች። «እህቴ፣ ጅቡቲ ውስጥ ልጅ የሌለበት ቤት ከየት ላምጣልሽ?»

ሁለት ወር ጠበቅሁ። በመጨረሻ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ የመጋዘን ወለል የሚያጥቡ ሴቶች ይፈለጋሉ ተባለና ገባሁ። እዚያው ነው ያለሁት።